የላ ሬጂና ደወል

እታገኘሁ ከአውቶቡሱ ወርዳ ሮጠች። የኅዳር ዝናብ የተርሚኒ ባቡር ጣቢያን ደጅ ጎርፍ በጎርፍ አድርጎታል። ጃንጥላዋን አሠሪዋ ቤት ረስታዋለች። በብብቷ ያለውን ድፎ ዳቦ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ስትሸፍነው እሷ በስብሳለች። ዳቦው አይረጥብ እንጂ ለራሷ ግድ የላትም።

ዕለቱ ሐሙስ ነው። ሮም ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ የምታድር አበሻ ሁሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የራሷ ናት፤ እመቤት ብታኮርፍም ጌታ ቢቆጣም የሐሙስ ከሰዓት አይነካም። ኅዳር ሚካኤል ትናንት ነበር፤ ማኅበሩ ግን የሚጠጣው ዛሬ ነው። «ሽማግሌ ለሚጠብቅ ባዳንቴ ሚካኤል አንድ ቀን ቢታገስ ምን ይቀርበታል?» ብላ ይህን ያስወሰነችው ራሷ እታገኘሁ ነበረች። መምሬ ዘመንፈስቅዱስ መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር። ከእታገኘሁ ጋር እምቢ መባባል ግን ከድንጋይ ጋር መጋፋት ነው፤ ድንጋይስ ይፈነቀላል።

ከቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ጀርባ፣ ስልክ ቤቱንና ሐዋላ ቤቱን አልፋ ስትታጠፍ ነጩ መኪና እንደ ልማዱ ቆሟል። ሲኞር ፋውስቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። እነእታገኘሁ ያለፈቃድ ገብተው የያዙት ቤት ባለቤት የሆነው ኩባንያ የቀጠረው ጠባቂ ነው። ሥራው አንድ ነው፤ ቤቱ ባዶ የሆነ ዕለት በሩን በሰንሰለት መቆለፍ። ሰንሰለቱ ከኋላ ወንበሩ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ሲኞራ ኤታ! ዛሬም አልለቀቃችሁም?» አላት በጣሊያንኛ።

«አንተ ከመኪናህ ሳትወርድ እኔ ከቤቴ የት እወርዳለሁ?»

«ቀዝቃዛ ነው፣ እግሬን ቆረጠመኝ።»

«ሌላ ሥራ ፈልግ። ሰው ቤት ደጃፍ መገተር ምን ይባላል?» አለችና ከዳቦው ጫፍ ቆርሳ በመስኮቱ ሰጠችው። በየወሩ ትሰጠዋለች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ እናቷ ውሻም ቢሆን ሽታው ደርሶት አይለፍ ትል ስለነበር ይሆናል።

«ግራትሲየ» ሲል አመሰገናት እያኘከ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ባዶ አልተዋችሁትም እኮ።»

«እንተወዋለን ብለህ ነው?»

አይተዉትም። በፊት ትኖርባቸው የነበሩት የፖንቴ ማሞሎ ቆርቆሮ ቤቶች በዶዘር ሲፈርሱ እታገኘሁ ሥራ ላይ ነበረች። ስትመለስ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ፔርሜሶው፣ የእናቷ ፎቶ፣ የክረምት ካፖርቷ፣ ሁሉም ከፍርስራሽ ሥር ነበር። ካቻምና ደግሞ ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንፃ በፖሊስ የተባረሩት ሰዎች ከነፍራሻቸው አደባባይ ላይ ሲወድቁ ዓይኗ እያየ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ያወጣችው ሕግ አንድ ነው፤ ይህ ቤት ባዶ አይሆንም። ቀንም ሌሊትም፣ በዓልም ቀብርም ቢሆን፣ ውስጥ ሰው ይኖራል። ውስጥ ሰው ካለ ቤቱ የእነሱ ነው፤ ሁሉም የወጣ ቀን ግን የፋውስቶ ሰንሰለት ነው።

ቤቱ ላ ሬጂና ይባላል። በሩ መስታወት ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ተቀርጿል፤ ያቺ የቴዎድሮስን ልጅ ወስዳ ያስቀረችው ንግሥት። በእሷ ዘመን አንድ እንግሊዝ ወደ ሮም ለሚጎርፉት ወገኖቹ፣ ለሎርዶቹም ለሎርዶቹ ጋሪ ነጂዎችም፣ ያገራቸውን ቢራ ባገራቸው ቤት ላጠጣ ብሎ የቤቱን ሆድ ዕቃ ሁሉ ከለንደን በመርከብ አስጫነው ይባላል፤ ማሆጋኒውን፣ አረንጓዴ ሸክላውን፣ ቅርጽ የወጣበትን መስታወት፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠኑትን የብረት ምሰሶዎች። ሦስት በር አወጣለት፤ አንዱ ለጌቶች፣ አንዱ ለነጋዴዎች፣ አንዱ ለአሽከሮች። ከውስጥ አንድ አዳራሽ ነው፤ እሱ ግን በማሆጋኒና በመስታወት ግርግዳ እንደ በረት ሦስት ቦታ ከፈለው። ባንኮኒው ላይ ደግሞ በፊት ቁመት የሚዞሩ ትንንሽ መስታወቶች ደረደረበት። ጌታው ሲጠጣ ቀጂው ፊቱን እንዳያይ ነው፤ ቢራው ሲያልቅ መስታወቷን ገፋ አድርጎ ብርጭቆውን ብቻ ብቅ ያደርጋል። የአበሻ ሴቶች መጀመሪያ የገቡ ሰሞን ሳቃቸውን አልቻሉትም፤ «የሐሜት መስኮት» ብለው ስም አወጡላቸው።

እታገኘሁ በጌቶቹ በር ቁልፏን ከተተች። ሌሎቹን ሁለት በሮች በገቡ በሳምንቱ ራሷ በጣውላና በምስማር አሽጋቸዋለች፤ ሦስት በር የሚጠብቅ ሰው ከየት ይመጣል ብላ። ቁልፉ ዞረ። በሩ ግን እምቢ አለ። ገፋችው። በትከሻዋ ገጨችው። ትናንት ጠዋት በጣት የሚከፈት በር ዛሬ ወለሉን እየፋቀ ገባ።

«ዝናቡ እንጨቱን አሳበጠው» አለች ለራሷ። ራሷም ወዲያው አመነቻት።

ውስጥ ሞቅ ብሏል። የማኅበሩ ሰዎች ባንድ ክብ ተቀምጠዋል፤ ነጠላ ያጣፉ ሴቶች፣ ኮታቸውን ያላወለቁ ወንዶች። ሁሉም ፊት ለፊት ይተያያል። ይህን ያደረገችው እሷ ናት። ባለፈው ወር መምሬ ዘመንፈስቅዱስ ጌቶቹ ክፍል ሆነው ሲባርኩ፣ አሽከሮቹ ክፍል የተቀመጡት ድምፅ እንጂ ሰው አላዩም። ጽዋው በመስታወት ዙሪያ እየተሽሎከሎከ ነው የዞረው። እታገኘሁን አንገበገባት። «ማኅበርተኛ በግርግዳ ተከፍሎ ይቀመጣል? ይሄ የእንግሊዝ ሥርዓት ነው፤ የሚካኤል አይደለም!» አለች።

እናም ማክሰኞ ዕለት ሃብቶምን ጠራችው። ሃብቶም ግንባታ ላይ በቀን የሚሠራ፣ እጁ የማያርፍ፣ አፉ ግን ቁጥብ ልጅ ነው። ግርግዳውን ሲፈታው ዋለ። መጨረሻ ላይ መሀል የቆመች አንዲት ወፍራም እንጨት ቀረች።

«እትዬ፣ ይቺስ ትቆይ። ምሰሶ ትመስለኛለች» አላት።

«ምሰሶማ ብረት ነው፤ ያውና ቆሟል! ይቺ እንጨት ናት።»

«ታዲያ ጣራ ድረስ ምን አስወጣት?»

«የእንግሊዝ ጌጥ ነዋ! መምሬን የምትጋርደው እሷ አይደለች? ቁረጥ አልኩህ።»

ቆረጠ። መጋዙ ከግማሽ ሲያልፍ እንጨቱ ጥርሱን ገጥሞ ያዘው፤ አልወጣም፣ አልገባም አለ። በመዶሻ መትተው አስለቀቁት። ምሰሶዋ ስትወጣ ቤቱ ከላይ እንደ ሽማግሌ ተነፈሰ። ሃብቶም ቀና ብሎ ጣራውን ብዙ ጊዜ አየ።

«አሮጌ ቤት ነው፤ ያስነጥሰዋል» አለችው እታገኘሁ።

ዛሬ ጉቶዋ ባለችበት ቦታ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል።

«መጣች ገዢያችን!» አሉ ሻምበል አድማሱ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪ ማለት፣ እሳቸው ናቸው። ድሮ ሻምበል ነበሩ፤ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ዘበኛ ናቸው፤ ማዕረጉን ግን ማንም ከስማቸው አልነጠለም። «ዛሬ ጽዋ ተረካቢዋ አንቺ፣ የዘገየሽውም አንቺ!»

«ሻምበል፣ አሠሪዬ ሽንት ቤት ገብታ አልወጣም ብትል ጥያት ልምጣ?»

ሳቅ ሆነ። የዕለቱ ደጋሽ ሰብለወንጌል ጠላ ትቀዳለች። እሷ ፓሪዮሊ የምትባል የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ነው የምታድረው፤ የራሷ የሚባል አንድ ግርግዳ የላትም። አብዛኞቹ እንደሷ ናቸው። ለዚህ ነው የእነሱ ማኅበር ከቤት ቤት የማይዞረው። የደጋሽ ተራው የማንም ይሁን የማን፣ የሚደገሰው እዚህ ነው። ላ ሬጂና ለሚያድሩባት ብቻ ሳይሆን ማደሪያቸው የሰው ለሆነው ሁሉ ቤት ናት።

እታገኘሁ ዳቦውን አስቀምጣ ልትቀመጥ ስትል ከባንኮኒው በላይ ደወል ጮኸ።

እዚያ ሰሌዳ ላይ የናስ ደወሎች ተደርድረዋል። ድሮ ፎቅ ላይ ያደረ እንግዳ የአልጋውን ገመድ ሲስብ፣ በግርግዳ ውስጥ የሚያልፍ ሽቦ ታች የእሱን ደወል ያንቀጠቅጠዋል። ሌሎቹ ዝገው ከደነቆሩ ቆይተዋል። የምትሠራው አንዷ ብቻ ናት፤ ከአዳራሹ በላይ የሚተኙት የእማማ ተብለጽ ደወል። እማማ ተብለጽን አንድ የጣሊያን ቤተሰብ በልጅነታቸው ከአስመራ አምጥቷቸው፣ ኋላ እዚሁ ላ ሬጂና ብርጭቆ ያጥቡ ነበር። ዛሬ እግራቸው ከድቷቸዋል። ውሃ ሲያምራቸው ገመዱን ይስባሉ።

«ሔራን፣ እማማ ጋ ውጪ» አለች እታገኘሁ።

ሔራን ሮም ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ እታገኘሁን «ዚያ» ትላታለች፣ አክስቴ እንደማለት። ወጣች፤ ተመለሰች።

«ዚያ፣ አልደወልኩም አሉ።»

«እንዴት አልደወልኩም? እኛ ነን የደወልነው?»

«ገመዱን አልነኩትም አሉኝ። እንደውም ተኝተው ነበር።»

«አርጅተዋላ! ደውለው ይሆናል፣ ረስተውታል።»

መምሬ ጸሎቱን ቀጠሉ። ትንሽ ቆይቶ ደወሉ እንደገና ጮኸ። ይኸኛው አጭር ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ። ሁሉም ቀና አለ። ከጣራው በቀጭኑ ነጭ ብናኝ ወርዶ ሻምበል ኮት ላይ አረፈ። ሻምበል በጣታቸው ጠረጉት።

«ወይ ይቺ ቤት! ልብስ አጠባም ጀመረች?» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ።

ሃብቶም አልሳቀም። ጥግ ላይ ቆሞ እታገኘሁን አያት። ዓይኗን አሸሸች።

«እኔው ልያቸው» ብላ ተነሳች።

ደረጃው ከሌላው ቀን በላይ ይጮሃል። እማማ ተብለጽ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነው። የደወሉ ገመድ ከራስጌያቸው ርቆ ተንጠልጥሏል። እጃቸው አይደርስበትም።

«እማማ፣ ደህና ነዎት? ደውለው ነበር እንዴ?»

«እናንተ ምን ነካችሁ ዛሬ? እኔ ምን ጎድሎኝ ነው የምደውለው? አልጋዬን ማን አንቀሳቀሰው ልልሽ ነበር እኔ።»

«አልጋው ምን ሆነ?»

«ወደ መሀል ሄደብኝ። ማታ ግርግዳው እዚህ ነበር» ብለው በመዳፋቸው አሳዩዋት።

እታገኘሁ የውሃ ብርጭቋቸውን አየች። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ውሃው ግን ባንድ ጎን ወደ አፉ ተጠግቷል፣ በሌላው ጎን ሸሽቷል። ጠረጴዛው አጠገብ ከሳህን የወደቀች ብርቱካን ነበረች። አነሳቻትና ወለሉ ላይ አኖረቻት። ብርቱካኗ እየተንከባለለች ወደ ክፍሉ መሀል ሄደች። እዚያ ቆመች። ልክ ከታች ጉቶዋ ካለችበት ቦታ በላይ።

ብርቱካኗን አንሥታ ወደ ሳህኑ መለሰቻት።

«እማማ» አለች ቀስ ብላ። «ታች መሀል ላይ የነበረችው የእንጨት ምሰሶ… ድሮም ነበረች እንዴ?»

«አልነበረችም። እዚያ የነበረው ብረት ነው። ቤቱ ዳንስ ቤት የሆነ ጊዜ ለጭፈራ አልመች አለ ብለው አወጡትና እንጨቱን በግርግዳው ውስጥ ተኩ። ባለቤትየው አበደ ሲሉት ነበር ሁሉም። የዚህ ሁሉ ሸክም እኮ እዚያች ላይ ነው።» ከዚያ ፊቷን አዩት። «ምነው? ምን ሆነች?»

እታገኘሁ ወደ በሩ ዞረች። ግርግዳው ውስጥ የሆነ ነገር ክር ብሎ ሲወጠር ሰማች። ታች ደወሉ ጮኸ። የልብስ ማስጫ ሽቦ ግራና ቀኝ ካለው ግድግዳ አንዱ ሲሸሽ ራሱን ይወጥራል። ደወሉን የሚስበው ሰው አይደለም። ቤቱ ነው።

ደረጃው አናት ላይ ቆመች። ከታች የሰው ሳቅ፣ የብርጭቆ ድምፅ፣ የመምሬ ዜማ ይሰማታል። ልጮህ? አለች በልቧ። ብጮህ ሁሉም ባንዴ ይነሳል። ሁለቱ በሮች በእሷ ምስማር ታሽገዋል። ሦስተኛው ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ እሱም ወለሉን ይዟል። ሰው ከተጋፋበት ለዘላለም አይከፈትም። ባልጮህስ? ዝም ብዬ በቀስታ ውጡ ብላቸው ማን ይሰማኛል? ቤቱ ባዶ አይሁን ብዬ ያስማልኳቸው እኔ። ፋውስቶ ደጅ ነው። ሁላችን ከወጣን መመለሻ የለም።

ባይወድቅስ? ይህች ሐሳብ መጣችባት። አሮጌ ቤት ነው፤ መቶ ዓመት ቆሟል፤ ዛሬን ቢቆምስ? ነገ ሃብቶም ሌላ ምሰሶ ያቆማል። ማንም ሳያውቅ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ማክሰኞ ለታ መጋዙን የነከሰው እንጨት የነገራትን ዛሬ ነው የሰማችው። ወረደች።

ሃብቶም ደረጃው ሥር ይጠብቃታል።

«እማማን በጀርባህ አዝለህ አውርድ» አለችው በሹክሹክታ። «እየሳቅክ። ለቡራኬ ነው በል። ከዚያ በቀጥታ ወደ ደጅ።»

«ምሰሶዋ ናት አይደል?»

«አዎ። ሂድ አሁን።»

ሮጦ ወጣ። እሷ ወደ ክቡ መሀል ገባች። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መምሬ ፊት ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ነው። በእነሱ ማኅበር ጽዋ ተረካቢው ሲነሳ ሁሉም አብሮ ይነሳል፤ እስከ ተረካቢው በር፣ እዚሁ ፎቅ ላይ እስካለ ክፍል ቢሆንም፣ በዝማሬ ይሸኛል፤ አንድም ሰው ወደኋላ አይቀርም፣ የቀረ ሚካኤልን ያልሸኘ ነው። ጽዋው አንዴ ከተነሳ ደግሞ ተረካቢው ቤት እስኪደርስ መሬት አይነካም፤ በሌላ እጅም አይገባም።

«መምሬ፣ ጽዋዬን ይስጡኝ» አለች።

መምሬ ዜማቸውን አቋረጡ።

«ምን አልሽ?» አሉ ሻምበል። «ጸሎቱ ሳያልቅ? ገና ዳቦው ሳይቆረስ?»

«አሁን ነው የምፈልገው።»

«ሴትዮ፣ ይሄ ሥርዓት አለው! ሰፈርሽ አይደለም!»

«ሻምበል፣ በኋላ ይቅጡኝ። እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። አሁን ግን ጽዋዬን።»

«አታደርጊውም! እኔ ሙሴ ነኝ እዚህ!»

መምሬ ዘመንፈስቅዱስ አረጋዊ ናቸው፤ ከአፏ ይልቅ ዓይኗን አዩ። ዓይኗ ከጣራው አይነቀልም። ይህች ሴት ስትለምን ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ጣራውን አዩ። ከበሩ መስታወት ቀጭን የስንጥቅ ድምፅ ተሰማ፤ የንግሥቲቱ ፊት ከግንባር እስከ አገጭ ተሰነጠቀ።

«ጽዋው ለተረካቢዋ ይሰጣል» አሉ መምሬ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። «ዝማሬ አንሡ። በዝግታ፣ እየተራመዳችሁ። ሻምበል፣ እርስዎ በሩን ይያዙ፤ የወታደር እጅ ይሻላል።»

ሻምበል ሰው ሲታዘዝላቸው የኖሩ፣ ማዘዝም መታዘዝም የሚያውቁ ሰው ናቸው። የመምሬን ዓይን አዩና ሄደው በሩን ሳቡ። አልከፈት አለ። ኮታቸውን አውልቀው ሳቡ። ወለሉን ሸርክቶ ተከፈተ። ዝናቡ ገባ።

ሃብቶም እማማ ተብለጽን አዝሎ ከደረጃው ብቅ ሲል ሴቶቹ እልል አሉ። «እማማ ለሚካኤል ወረዱ!» አለች ሰብለወንጌል። እማማ አልሳቁም። ከሃብቶም ጀርባ ላይ ሆነው ባዶውን መሀል አዩ፤ ምንጣፉን አዩ፤ ከዚያ እታገኘሁን አዩ።

እታገኘሁ ጽዋውን በሁለት ክንዷ አቀፈች። ወደ ፎቅ፣ ወደ ክፍሏ ትወጣለች ብለው ነበር። ወደ በሩ ስትሄድ ዝማሬው ለቅጽበት ተዛባ።

«ዚያ፣ ክፍልሽ እኮ ላይ ነው!»

«ጽዋውን ተከተሉ! ማንም አይቅር!» አለች።

ተከተሏት። ምን ያድርጉ? ጽዋ ነው። ከላይ ደወሉ እየጮኸ፣ ብናኙ ራሳቸው ላይ እየወረደ፣ እጅ እያጨበጨቡ ባንድ ቀጭን መስመር በጌቶቹ በር ወጡ። መጨረሻ የወጡት መምሬ ነበሩ፤ መስቀላቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ወደኋላ እየተራመዱ።

ደጁ ላይ ዝማሬው ሞተ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ቤቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ቆሟል! ሻምበል ዞረው አዩት። «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። «ምን አደረግሽን?»

ሲኞር ፋውስቶ ከመኪናው ወረደ። ዓይኑን ማመን አልቻለም። «ቱቲ?» አለ፤ ሁላችሁም? ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ሰንሰለቱን በሌላ እጁ እየጎተተ ወደ በሩ መጣ። «ባዶ ነው፣ አዎ፣ አሁን ነው የምነግርዎ፣ ባዶ ነው… ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ውስጡን አይቼ እቆልፋለሁ።»

«ቤታችንን ሸጠሽው!» አለች ሰብለወንጌል እያለቀሰች። «እታገኘሁ፣ አንቺ! ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም!»

ፋውስቶ ደፉ ላይ ደረሰ። እታገኘሁ ቀደመችው። ጽዋውን ደረቷ ላይ አጥብቃ በሩን በጀርባዋ ጋረደችው።

«አትገባም።»

«ሲኞራ፣ አበቃ። ወጥታችኋል። ሥራዬን ልሥራ።»

«አትገባም አልኩህ! ቤቱ ሊወድቅ ነው!»

ፋውስቶ ፈገግ አለ፤ ኀዘኔታ ያለበት ፈገግታ። ብዙ ዓይነት ምክንያት የሰማ ሰው ነው። «ኤታ፣ ተነሽ። እንዳልገፋሽ።»

«ግፋኝ! ጽዋውን ገፍተህ እለፍ!»

አልገፋትም። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሊያዞራት ሲል፣ ከውስጥ ደወል ጮኸ። አንዷ አይደለችም። ለዓመታት ደንቁረው የነበሩት ሁሉ፣ የሰሌዳው ደወል በሙሉ፣ ባንድ ጊዜ። ቤቱ ውስጥ ያደሩ እንግዶች ሁሉ ባንዴ ነቅተው አሽከር እንደሚጠሩ።

ፋውስቶ ደነገጠ። «ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አለች።

እጁን በእጇ ልትይዘው አትችልም፤ ጽዋውን ይዛለች። በትከሻዋ ደረቱን ገጨችውና አብረው ወደ መንገዱ ተንደረደሩ። ከኋላቸው ምድር ጮኸች። የፎቁ ወለል መጀመሪያ መሀሉን ሰጠ፤ ከዚያ አልጋው፣ ጣውላው፣ ሸክላው፣ ማሆጋኒው ሁሉ ወረደ። በምስማር የታሸጉት ሁለት በሮች ከነጣውላቸው ፈንድተው ተከፈቱ። ነጭ አቧራ ከሦስቱም በር ወጣ፤ ከጌቶቹም፣ ከነጋዴዎቹም፣ ከአሽከሮቹም፤ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ጭቃ ሆነ።

ፋውስቶ እግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ሰንሰለቱን ያያል። ስልኩ እጁ ውስጥ «ፕሮንቶ? ፕሮንቶ?» ይላል።

ከዚያ ሰው ሁሉ እታገኘሁን ከበባት። ሰብለወንጌል ጉንጮቿን ሳመቻት። «ይቅር በይኝ፣ እታጉዬ፣ ይቅር በይኝ! ሚካኤል ነው የነገረሽ!» ሔራን አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሻምበል አድማሱ ሰላምታ ሊሰጡ ይመስል እጃቸውን አንሥተው መልሰው አወረዱት። «ነፍሳችንን ነው ያወጣሽው» አሉ።

«አትሳሙኝ» አለች።

ሃብቶም መሬት መሬቱን ያያል። እማማ ተብለጽ ሃብቶም ባስቀመጣቸው የፋውስቶ መኪና ውስጥ ሆነው፣ በተከፈተው በር ያዩአታል።

«አትሳሙኝ እኮ ነው የምላችሁ! ሚካኤል አልነገረኝም፤ ያ ልጅ ማክሰኞ ነግሮኝ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። ምሰሶዋ ናት ቤቱን የያዘችው። እኔ ነኝ ያስቆረጥኳት።»

የሰብለወንጌል እጅ ከጉንጯ ላይ ወረደ። ከሩቅ ሳይረን ይሰማል። ፔርሜሶ የሌላቸው ሁለት ሦስቱ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሳይሰናበቱ፣ በጥጉ ታጥፈው ጠፉ። ሰብለወንጌል አቧራው ውስጥ ልትገባ እንደምትፈልግ ሰው ቤቱን ታያለች። የሐሙስ ከሰዓት ቤቷን።

ጽዋው በእታገኘሁ ክንድ ላይ ዝቅ ዝቅ አለ። የጽዋው መሸፈኛ ጨርቅ ርሶ ከብዷል።

«ስጪኝ» አሉ ሻምበል፣ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣም ፍቅርም የለም። «ይወድቅብሻል።»

«አይተላለፍም።»

«እዚያ ደፍ ላይ አስቀምጪው እንግዲያ።»

«መሬት አይነካም። ተረካቢው ቤት ሳይደርስ አይቀመጥም።»

«የትኛው ቤት?» አሉ ሻምበል። «የት ነው የምንሸኝሽ አንቺን?»

እታገኘሁ ጽዋውን ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አስተካከለችው። ከዚያ ፍርስራሹን በጀርባዋ ትታ፣ ወዴት እንደሆነ ሳታውቅ፣ ወደ ቪያ ቮልቱርኖ መራመድ ጀመረች። ከኋላዋ መጀመሪያ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ነበር። እስከ ሐዋላ ቤቱ ድረስ ዝናቡ ብቻ።

ከዚያ አንድ ሰው ጭቃውን እየረገጠ ሲመጣ ሰማች። የማን እርምጃ እንደሆነ ዞራ አላየችም።